ያገለገለ ዕቃ ንግድና የተማሪ ትርፍ ጊዜ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ፥ በተማሪዎች የንግግር ፕሮግራም የተሰማ)

እንድናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ከዓለም ታላላቅ ጉዳዮች የሚቈጠር አይደለም። ዳሩ ግን በየቤታችን የሚገኝ፥ በየኪሳችንም የሚገባና የሚወጣ ጉዳይ ነው። ይኸውም ያገለገለ ዕቃ በርካሽ እየገዙ፥ እየጠገኑና እያጸዱ፥ በስልክ አስተዋውቆ መሸጥ ለተማሪ የሚገባ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነውን? የሚል ነው።

በዚህ ባለንበት በሳሊተ ምሕረትና በአካባቢው፥ በሲ.ኤም.ሲ.፥ በሰሚት፥ በጉርድ ሾላና በአያት፥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በዚህ ሥራ እጁን የሚያስገባ ወጣት አለ። ከወላጆች አንዳንዱ «ልጄ ሠርቶ ማደርን ለመደ» ብሎ ይደሰታል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ልጄ በልጅነቱ ደላላ ሆነ» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ለልጃቸው የሚያስቡ ስለ ሆኑ፥ ነገሩን ከሁለቱም ወገን መርምሮ መፍረድ የሚገባ ይመስለኛል።

ከሁሉ በፊት ስሙን እንመልከት። አሮጌ ልብስ በእኛ አነጋገር «ሰልባጅ» ይባላል። ቃሉ ከእንግሊዝኛው «ሳልቬጅ» የመጣ ነው ይላሉ፤ ትርጉሙም ከመጥፋት ማዳን፥ ከአደጋ ማትረፍ ማለት ነው። በእኛ አፍ ማፈሪያ የሆነው ስም በመነሻው የማዳን ስም ነበር ማለት ነው።

አሮጌን ዕቃ ከመጥፋት ማዳን ደግሞ ዛሬ ከውጭ የተማርነው ነገር አይደለም። የታላቅ ልብስ ለታናሽ ሲተላለፍ ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። በአዲስ አበባ መንደሮች «ልዋጭ!» እያለ የሚጣራው ነጋዴ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በለውጡ የቤት ዕቃ ይሰጣል። «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውም ብረቱን፥ ጠርሙሱንና ያለቀውን ጫማ ይሰበስባል፤ ስሙም «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ይህ ሁሉ ከየጓዳችን ወጥቶ የት እንደሚደርስ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መርካቶ ወርዶ ምናለሽ ተራን ይመልከት። በዚያ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪናው ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ጫማ ይሆናል። የሥፍራው ስም ራሱ ትምህርት ነው፤ «ምን ጐደለሽ?» አይልም፥ «ምን አለሽ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። በብሔራዊ ቴያትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ደርድረው የሚሸጡትንም እናስታውስ። አዲሱን ለመግዛት አቅም ያጠረው ስንቱ ተማሪ ከእነርሱ ገዝቶ ለቁም ነገር በቅቷል!

እንግዲህ ንግዱ አሮጌ ከሆነ፥ አዲሱ ነገር ምንድር ነው? አዲሱ ገበያው ነው። ልዋጩ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ዞሮ የሚፈልገውን ገዢ፥ የዛሬው ወጣት ቤቱ ተቀምጦ በቴሌግራም፥ በፌስቡክ ወይም ጂጂ በሚባለው የማስታወቂያ ሥፍራ ያገኘዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡም በዚያው በስልክ ይተላለፋል። ሱቅ መከራየት፥ መደርደሪያ መሥራት፥ ዘበኛ መቅጠር አላስፈለገም።

ገዢውም በዝቷል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ሁለት ወር ሳይሞላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ አዲስ ዕቃም ዋጋው አብሮ ወጣ። አዲስ ማቀዝቀዣ ሊገዛ ያሰበ ሙሽራ ያገለገለውን ማፈላለግ ጀመረ። በሌላው ወገን ደግሞ በሠፈራችን ዕቃ ትርፍ የሆነበት ሰው አለ። ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የሚዛወር ቤተ ሰብ ሰፊው ቁም ሣጥን በደረጃው አልወጣ ይለዋል። በዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጥሮ የመጣ የውጭ አገር ሰው ዘመኑ ሲያልቅ ምድጃውን ተሸክሞ አይሄድም። ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ወንድማችንም አልጋውን ይዞ አይሳፈርም። አንዱ ቤት ቦታ የሚያጣብበው ዕቃ ለሌላው ቤት ጉድለት የሚሞላ ነውና፥ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ለሁለቱም ጠቃሚ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ ትርፉ እንምጣ። ብዙዎቻችን ትርፍ የምንለው የመሸጫው ዋጋ ከመግዣው የበለጠበትን ነው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ ያገለገለ የጥናት ጠረጴዛ በ2,000 ብር ገዛ እንበል። ለብርጭቆ ወረቀት፥ ለቫርኒሽና ለብሎን 300 ብር፥ ለማጓጓዣ 400 ብር፥ ለኢንተርኔት 50 ብር አወጣ። ጠቅላላ ወጪው 2,750 ብር ነው። ጠረጴዛውን በ3,500 ብር ቢሸጥ፥ «1,500 ብር አተረፍሁ» ብሎ ለጓደኞቹ ይነግራል፤ እውነተኛው ትርፍ ግን 750 ብር ነው። ዕቃውን ሄዶ ለማየት አንድ ሰዓት፥ ለመፋቅና ለመቀባት ሦስት ሰዓት፥ ፎቶግራፍ ለማንሣትና ለጠያቂ ለመመለስ አንድ ሰዓት፥ ለማስረከብ አንድ ሰዓት ከወሰደበት፥ ስድስት ሰዓት ሠርቷል፤ የሰዓቱም ዋጋ 125 ብር ይደርሳል። ጠረጴዛው ሁለት ወር ሳይሸጥ ቈይቶ በ2,800 ብር ቢያወጣው ግን ትርፉ 50 ብር ይሆናል፤ የሰዓቱም ዋጋ ከ8 ብር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚጀምር ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ደብተር ነው። የገባውን፥ የወጣውንና የፈጀበትን ሰዓት ይጻፍበት። በክፍል ውስጥ የሚሰለቸን ሒሳብ በዚህ ደብተር ላይ ሕይወት ያገኛል።

ከእኛው ተማሪዎች መካከል ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ ጓደኛ አለን፤ ስሙን አልጠራም። አባቱ ታሞ ሥራ ባቆመበት ጊዜ፥ መጀመሪያ የራሱን ብስክሌት ሸጠ። ከዚያም በዋጋው የተሰባበሩ ወንበሮች እየገዛ፥ ከአናጢ አጎቱ ጋር እየጠገነ መሸጥ ያዘ። የታናሽ እኅቱን ደብተርና የትራንስፖርት ወጪ ለአንድ ዓመት የሸፈነው እርሱ ነው። እኛ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አላወቅንም። ለምን እንደ ደበቀን ብጠይቀው፥ «ድኽነቱን አልፈራሁትም፤ የፈራሁት ሣቃችሁን ነው» አለኝ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህን ቃል ዛሬ በዚህ መድረክ ላይ የምናገረው በእርሱ ፈቃድ ነው። ጫማ እየጠረጉ፥ ሊስትሮ ሆነው የተማሩ ሰዎች ባሉበት አገር፥ ወንበር ጠግኖ እኅቱን የሚያስተምር ተማሪ ሊያፍር አይገባውም ነበር።

ነገር ግን ሥራው በራሱ የሚያስከብር አይደለም፤ የሚያስከብረው አሠራሩ ነው። ያገለገለ ዕቃ ከአዲስ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ጉድለት ያለው መሆኑ ነው። ያን ጉድለት የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ ገዢው የሚያየው ፎቶግራፉን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ንግድ የሚቆመው በሻጩ ቃል ላይ ነው። «ብዙም ያልተሠራበት» የሚለው አነጋገር የስንቱን ዕቃ ጉድ ሸፍኗል! ሶፋው የተቀደደበትን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሮ ፎቶግራፍ ማንሣት ውሸት ለመናገር አፍ አያስፈልገውም ማለት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ፒየር ኦሚድያር የተባለ ሰው በአሜሪካ አገር የከፈተው፥ በኋላ ኢቤይ ተብሎ በዓለም የታወቀው የኢንተርኔት ገበያ፥ በመጀመሪያ ከተሸጡበት ዕቃዎች አንዱ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። የተሸጠውም በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነው። ሻጩ ለገዢው፥ ዕቃው የተበላሸ መሆኑን ማወቁን ቢጠይቀው፥ «እኔ የተበላሹትን ነው የምሰበስበው» ብሎ መለሰለት ይባላል። ከዚህ የምንማረው፥ ጉድለቱ በግልጥ የተነገረለት ዕቃም ገዢ እንደማያጣ ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር «እግሩ የተሰበረ» ተብሎ ቢቀርብ አናጢው ይገዛዋል።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ኀላፊ እንዲሆን ያዛል። ገዢው ጉድለቱን እያወቀ የገዛው እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንግዲህ ጉድለትን አስቀድሞ መናገር ገዢን ከመታለል፥ ሻጭንም ከመካሰስ ያድናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ ዛሬ በአንድ ሶፋ የተታለለ ሰው ነገ ለመንደሩ ሁሉ ይናገራል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ አደጋዎቹ ጥቂት ልናገር።

አንደኛው አደጋ የዕቃው ምንጭ ነው። በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ ልባሽ ልብስ ብዙ ትርፍ እንደሚያስገኝ ይወራል። ይሁን እንጂ ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ከውጭ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው፤ የጉምሩክ ኮሚሽን በኮንትሮባንድ ከያዛቸው ዕቃዎች ዝርዝርም ስሙ አይጠፋም። የሚከለከልበትም ምክንያት የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅና ሸማኔ ገበያ እንዳያጣ ነው። በዚህ ጉዳይ የምንጨነቅ እኛ ብቻ አይደለንም። ሩዋንዳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በልባሽ ልብስ ላይ ቀረጥ ብትጨምር፥ አሜሪካ በ2018 ዓ.ም. የሩዋንዳ ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረውን ዕድል አገደችባት። «ድኻው ታዲያ ምን ይልበስ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ መሆኑን አልክድም፤ መልሱም ቀላል አይደለም። ለተማሪ ግን ምክሬ አጭር ነው። ቀድሞውኑ በአገር ውስጥ ያለ፥ በየጓዳው አቧራ የሚጠጣ ወንበር፥ መጽሐፍና የወጥ ቤት ዕቃ ሞልቶ ሳለ፥ በሌሊት ኬላ ተሻግሮ የመጣ ጥቅል አይንካ።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ የከፋ ነው፤ እርሱም የተሰረቀ ዕቃ ነው። ከላይ ለነገርኋችሁ ጓደኛችን አንድ ጊዜ አንድ የማያውቀው ሰው ጥሩ ስልክ ከገበያው ዋጋ በግማሽ አቀረበለት። ጓደኛችን ካርቶኑንና ደረሰኙን ቢጠይቀው፥ ሰውየው «አንተ ምን ቸገረህ?» አለው። ጓደኛችንም ሳይገዛው ቀረ። በዚያ ሳምንት ለአባቱ መድኃኒት ገንዘብ ይፈልግ እንደ ነበረ የምናውቅ ሰዎች፥ ያን ስልክ መተው ምን ያህል እንደ ከበደው እናውቃለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ብቻ ሳይሆን፥ ማወቅ ሲገባው የገዛውንም ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ዋጋው ያለ ምክንያት የረከሰ ዕቃ ሲቀርብላችሁ ደስታን አስቀርታችሁ ጥያቄን አስቀድሙ። ስልክ ከሆነ፥ ኮከብ፥ መሰላል፥ 06፥ መሰላል ብላችሁ ስትደውሉ የሚመጣው 15 አኀዝ ያለው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ተመልከቱ። የሻጩንም መታወቂያ አይታችሁ፥ በሁለት ቅጂ አጭር ውል ተፈራረሙ።

ሦስተኛው አደጋ ማታለል ነው። ዕቃውን ሳያዩ ቀብድ መላክ፥ ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ነው። በሻጭ በኩል ደግሞ፥ «ልኬልሃለሁ» ብሎ የክፍያውን ፎቶግራፍ የሚያሳይ ገዢ ሲመጣ በዚያ ሥዕል አትመኑ፤ መልእክትም ሥዕልም በሐሰት ይሠራል። የገዛ ሒሳባችሁን ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን ሳታዩ ዕቃውን ከእጃችሁ አታውጡ።

አራተኛው የአካል ደኅንነት ነው። ከማይታወቅ ሰው ጋር ሲገናኙ በቀን፥ ሰው በሚበዛበት ሥፍራ፥ ከቤተ ሰብ አንድ ሰው ጋር ይሁን። ይልቁንም እኅቶቻችን «ዕቃው ቤት ውስጥ ነው፥ ብቻሽን ነይ» ለሚል ሰው መልስ ሊሰጡት አይገባም። የትኛውም ወንበር የሰውን ሕይወት አያህልም።

አምስተኛውን አደጋ መምህራኖቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ እርሱም ጊዜ ነው። በስልክ የሚሸጥ ሰው ሱቁን የሚዘጋበት ሰዓት የለውም። ገዢ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜም ይጠይቃል፥ በእኩለ ሌሊትም ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ጥቂት መሻሻል ቢታይም፥ ፈተናው ለሰነፍም ለሥራ ብዙም የሚራራ አይደለም። ጓደኛችን ይህን ስላወቀ ለራሱ ሕግ አወጣ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለገዢ የሚመልሰው በቀን አንድ ጊዜ፥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ብቻ ነው፤ የሚጠግነውና የሚያስረክበው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ «እስከ ፈተናው ማግሥት ተዘግቷል» ብሎ ጻፈ። ገዢ አጥቶ ይሆናል፤ ትምህርቱን ግን አላጣም።

ስለ ንግድ ፈቃድም አንድ ቃል እጨምራለሁ። ከቤቱ የተረፈውን የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይባልም። እየገዛ መሸጥን መተዳደሪያው ያደረገ ግን የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እንደሚያዘው ፈቃድ ማውጣት ይገባዋል። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ በሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ ስለ ሆነ፥ ይህን ሥራ ያለ ወላጁ ዕውቀት ሊጀምረው አይገባም። ስለዚህ መነሻው የቤትን ትርፍ ዕቃ መሸጥ ይሁን፤ ሥራው እየሰፋ ሲሄድ በወላጅ ስም ፈቃድ ይውጣበት፤ ዕድሜው ሲደርስም በራሱ ስም ያውጣ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እንግዲህ መጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ የሚከተለው ነው። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ለተማሪ የተገባ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ምንጩ የታወቀ፥ ጉድለቱ የተነገረ፥ ሒሳቡ የተጻፈ፥ ሰዓቱም የተወሰነ ሲሆን ነው። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ቢቀር ይሻላል።

እናንተ ወላጆች፥ ልጃችሁ አሮጌ ወንበር ይዞ ቢገባ ከመቈጣታችሁ በፊት ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ደብተር ከሌለው ምከሩት፤ ደብተር ካለው አግዙት።

እናንተ መምህራን፥ አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ፥ ትምህርት ሳይከፈት፥ በዚህ ግቢ የመለዋወጫ ቀን እንዲደረግ እንለምናለን። የጠበበን ዩኒፎርም፥ ያለፍንበትን ክፍል አጋዥ መጽሐፍ፥ የሒሳብ መሣሪያና ቦርሳ እናመጣለን፤ የሚያስፈልገው ይወስዳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጁ መጻሕፍት ሥራ ላይ መዋል ስለ ጀመሩ፥ የትኛው መጽሐፍ ዛሬም እንደሚያገለግል የሚለይልን መምህር ይመደብልን። ዋጋውም ለሁሉ አንድ ዓይነት፥ ትንሽ ይሁን፤ መክፈል የማይችልም ማንም ሳያውቅበት ይውሰድ። ሒሳቡን እኛ ተማሪዎች እንይዛለን፤ በሰሌዳም ላይ እንለጥፋለን።

እናንተም ጓደኞቼ፥ በዚያ ቀን አሮጌ ዩኒፎርም ለብሶ የሚገባውን ልጅ ማንም አይሣቅበት። የዚህ ትምህርት ቤት ሣቅ አንድ ጓደኛችንን አንድ ዓመት ሙሉ አስደብቆታል፤ ሁለተኛ ሰው ሊያስደብቅ አይገባውም።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ፥ ለሁላችሁም መልካም በዓል እመኛለሁ።